ከፌስቲቫሉ ሌላ ማኅበሩ ምን ይሠራል?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። መሀል ከተማ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፍተሻል፤ የመሀል ከተማውን ንግድ የሚደግፈው የአካባቢው ማኅበር ደግሞ አባል ሁኚ፣ መዋጮ ክፈዪ ብሎሻል። «በዓመት አንዴ ፌስቲቫል ከማዘጋጀት ሌላ ሲሠራ አላየሁም፤ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ነው ያልሽው። እኔ እንዲህ ያለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበር ውስጥ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ በበጎ ፈቃድ፣ ኋላ ተቀጥሬ። ትንሽ ቢረዝምም ያየሁትን ልንገርሽ።

ጥርጣሬሽ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ፌስቲቫል ዓይን ይስባል፣ ስፖንሰርም ቶሎ ይገኝለታል። ለባለሱቅ ግን ብዙ ጊዜ የሞተ ቀን ነው። መንገዱ ይዘጋል፣ ቋሚ ደንበኛ መኪና ማቆሚያ አጥቶ ይመለሳል። እኛ 2 ዓመት ለፍተን ካዘጋጀን በኋላ አንዲት ጫማ ሻጭ በማግስቱ ጠዋት አስቆመችኝ። «ትናንት ደጄ ላይ ሕዝብ ሲተራመስ ነው የዋለው፤ የእኔን በር የገፋ ግን አንድ ሰው የለም» አለችኝ። ሄጄ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ድንኳኖቹን የተከልነው ጀርባቸውን ለሱቆቹ ሰጥተን ነው። መስኮቷ በሸራ ተሸፍኖ ነበር የዋለው። በቀጣዩ ዓመት ድንኳኖቹን ወደ መንገዱ መሀል አወጣናቸውና ፊታቸውን ወደ ሱቆቹ አዞርናቸው። በየደጃፉ ያለውን ቦታ ደግሞ ለባለሱቁ ለራሱ ተውንለት። ያን ቀን ሸጠች።

ዋናው ሥራ ግን የእግር ሥራ ነው። ሰኞ ሰኞ ማለዳ ደብተር ይዤ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር እዞር ነበር። የተቃጠለ አምፖል፣ የተነቀለ የቱቦ ክዳን፣ የሞላ የቆሻሻ ገንዳ፣ አዲስ የተዘጋ ሱቅ ሁሉ ይመዘገባል። ቀላል ሊመስልሽ ይችላል። ግን አንድ ነጋዴ ብቻውን ወደ ማዘጋጃ ቤት ደውሎ «መብራት የለም» ሲል ጉዳዩ እዚያው ይቀራል። የፖሉ ቁጥር፣ መብራቱ የጠፋበት ቀንና የ4 ጎረቤት ሱቆች ፊርማ ሲቀርብ ግን ሰው ይላካል። ሲመሽ ሰው በዚያ በኩል ማለፍ ካቆመ የማታው ገበያ እንደሚሞት ታውቂዋለሽ።

ከሁሉ የሚከብደው ባዶ ሱቅ ነው። አንድ ሱቅ ሲዘጋ ግራና ቀኙ ያሉትም ይቀዘቅዛሉ፤ እግረኛው እዚያ ሲደርስ ይሻገራል ወይም ይመለሳል። እኛ ጋ መስታወቱ በጋዜጣ ተለጥፎ 3 ዓመት የቆየ ቤት ነበር። በበሩ ሥር የገባው ደብዳቤ ወለሉ ላይ ተከምሮ ይታያል። ባለቤቱ አርፈዋል፤ ወራሾቹም አልተስማሙም። እነሱን አፈላልጎ ለማግኘት ብቻ ወራት ፈጀብን። ስናገኛቸው ቤቱን አከራዩን አላልናቸውም። መስታወቱን ብቻ ስጡን አልናቸው። ጋዜጣውን ልጠን አጠብነው። የትምህርት ቤት ልጆች የሳሉትን ሥዕል ደረደርንበት፤ ማታ ማታ ደግሞ አንድ አምፖል አበራንበት። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው የልጃቸውን ሥዕል ፍለጋ ይመጡ ጀመር። አንድ ቀን ከእነሱ መሀል አንዲት ልብስ ሰፊ «የዚህ ቤት ባለቤት ማነው?» ብላ ጠየቀች። የ3 ወር የሙከራ ውል አደራደርናቸው። እስከ ዛሬ እዚያው ናት። ይህን ሥራ ማንም ፎቶ አላነሳውም። ለእኔ ግን ከፌስቲቫሎቻችን ሁሉ ይበልጥብኛል።

የመዋጮው ነገር የቆየ ራስ ምታት ነው። በቶሮንቶ ብሎር ዌስት ቪሌጅ የሚባል የገበያ ሰፈር ነበር። ባቡሩ ከመሬት በታች ሲገባና የገበያ ማዕከሎች ሲበዙ ደንበኛ ራቀው። በፈቃድ የሚሰበሰበው መዋጮ አልበቃም፤ አንዱ ይከፍላል፣ ሌላው ሳይከፍል ይጠቀማል። ስለዚህ ነጋዴዎቹ ታግለው እ.ኤ.አ. በ1970 በወሰኑ ውስጥ ያለ ነጋዴ ሁሉ የሚከፍልበት ሕጋዊ አሠራር አስጀመሩ። ያ አሠራር ኋላ በብዙ አገር ተዛመተ። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 በ3 ትናንሽ ከተሞች የተጀመረ፣ የመሀል ከተማ ገበያን የማነቃቃት ሙከራ አለ። ሥራውን በ4 ይከፍለዋል፦ አደረጃጀት፣ ማስተዋወቅ፣ የአካባቢው ገጽታና ኢኮኖሚ። የአንቺ ማኅበር ከ4ቱ ማስተዋወቁ ላይ ብቻ የቆመ ይመስለኛል። ይህ ደግሞ አዲስ ማኅበሮች ላይ የሚበዛ ድክመት ነው።

ገጽታ ሲባል የግድ ትልቅ ግንባታ አይደለም። የኒው ዮርኩ ብራያንት ፓርክ አንድ ሰሞን የዕፅ ሻጮች መናኸሪያ ሆኖ ነበር። ተመራማሪው ዊልያም ዋይት ከመከሩት ነገር አንዱ ፓርኩ ከመንገድ እንዲታይ መክፈት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ታድሶ ሲከፈት ደግሞ የሚንቀሳቀሱ ወንበሮች ተደረጉበት። ሰው ወንበሩን ወደ ጥላው ወይም ወደ ወዳጁ ሳብ ማድረግ ሲችል ይቆያል። እኛም አደባባያችን ላይ 10 ወንበር አወጣን። ቦርዱ በሳምንቱ ይሰረቃሉ ብሎ ሞግቶን ነበር። በወሩ የጠፉት 2 ናቸው። የጥጉ ባለሱቅ ማታ ማታ ራሱ እየሰበሰበ ያስገባቸው ነበር፤ ማንም ሳያዘው።

አሁን ስለሚያሰጋኝ ነገር በግልጽ ልናገር። መንገዱ ሲያምር ኪራይ ይጨምራል። መንገዱን ያሳመረው ተከራይ ራሱ ሊባረር ይችላል። ቦርዱ በአከራዮች ብቻ ከተሞላ ይህን ጉዳይ ማንም አያነሳውም። ሌላው፣ «ጽዳት» ሲሉ ጎዳና ላይ የሚያድሩትንና በእጃቸው ይዘው የሚሸጡትን ማባረር ማለታቸው የሆኑ ማኅበሮች አሉ። ይህ ልቤን ያደማል። እነዚያ ሰዎችም የመሀል ከተማው ሰዎች ናቸው። እኛ ጋ መንገዱን ማለዳ የሚጠርጉት ሁለቱ ሠራተኞች በፊት እዚያው በረንዳ ላይ የሚያድሩ ነበሩ። እያንዳንዱን ጉድጓድና እያንዳንዱን ጥበቃ ያውቃሉ። ከእነሱ የተሻለ ሠራተኛ አላገኘንም።

ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት የአምናውን የጠቅላላ ጉባኤ ሪፖርት ጠይቂ። ከገንዘቡ ምን ያህሉ ለዝግጅት እንደወጣ፣ ቦርዱ ውስጥ ስንት ተከራይ ነጋዴ እንዳለ ከዚያ ታያለሽ። ሪፖርቱን ሊያሳዩሽ ካልፈለጉ ይቅርብሽ። ካሳዩሽና ሚዛኑ ወደ ዝግጅት ካጋደለ ግን እኔ ግቢ ነው የምልሽ፤ ከውጭ ሆኖ ማረም ይከብዳል። አንዱ ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ ስምሽን አስመዝግቢ፤ ቢቻል የገጽታው ወይም የባዶ ሱቆቹ ላይ።

ከሱቅሽ ፊት ያለው መብራት ማታ ይበራል? ካልበራ የፖሉን ቁጥር ጻፊና ነገ ማኅበሩ ቢሮ ይዘሽ ሂጂ። ቁጥሩን መዝግበው ሲከታተሉት ካየሽ ክፈዪ።