የ80 ሳንቲም አክሲዮን ለምን 2,500 ዶላር ያስይዛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አክሲዮኑ በ80 ሳንቲም የሚሸጥ፣ በዕዳ የተዘፈቀ አንድ ኩባንያ አለ። 1,000 አክሲዮን ተበድሬ አሁን ልሸጥና ሲረክስ ገዝቼ ልመልስ አስቤ ነበር። ደላላዬ ግን ለ800 ዶላር ሽያጭ ከራሴ 2,500 ዶላር እንዳስይዝ ጠየቀኝ። አግባብ ነው?

መልስ፦ አግባብ ነው። ይህ የአሜሪካን ደላሎች የሚቆጣጠረው ፊንራ በደንብ ቁጥር 4210 የደነገገው ዝቅተኛ መጠን ሲሆን፣ ደላላው ከዚህ በላይ መጠየቅ፣ ጭራሹን እምቢ ማለትም ይችላል። በደንቡ መሠረት ከ5 ዶላር በታች የሚሸጥ አክሲዮን ተበድሮ የሸጠ ሰው፣ ለእያንዳንዱ አክሲዮን 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ወይም የአክሲዮኑን ሙሉ የገበያ ዋጋ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ ከራሱ ገንዘብ በሂሳቡ ማቆየት አለበት፤ ከሽያጩ የተገኘው 800 ዶላርም እዚያው ይያዛል።

ደንቡ የጠበቀበትን ምክንያት በእርስዎው ሂሳብ እንየው። አንድ ቀን ያልተጠበቀ ዜና ተሰምቶ ዋጋው 3 ዶላር ቢደርስ 2,200 ዶላር ይከስራሉ፤ ካስያዙት የሚቀርዎት 300 ዶላር ብቻ ነው። በዚያ ዋጋ የሚፈለገው መያዣ 3,000 ዶላር ስለሚሆን 2,700 ዶላር እንዲጨምሩ ይጠየቃሉ፤ ካላሟሉ ደላላው በራሱ ውሳኔ አክሲዮኑን ገዝቶ ሂሳቡን ሊዘጋው ይችላል። ኩባንያው ፈርሶ አክሲዮኑ ዋጋ ቢያጣ እንኳ ትርፍዎ ከ800 ዶላር አያልፍም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ አለመመጣጠን ነው።

ብድሩም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከ2005 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው፣ አክሲዮን ተበድሮ መሸጥን የሚገዛው የአሜሪካ ደንብ ሬጉሌሽን ኤስ ኤች ኦ፣ ደላላው አክሲዮኑን ከየት እንደሚበደር ሳያረጋግጥ እንዳይሸጥ ያስገድደዋል፤ የርካሽ ኩባንያዎች አክሲዮን ደግሞ አበዳሪው ጥቂት፣ ክፍያውም ውድ ነው። ክፍያው በየቀኑ ይታሰባል፣ በየቀኑም ሊለወጥ ይችላል። አንዳንድ ደላሎች ሲያሰሉ ዋጋውን ወደ ሙሉ ዶላር ከፍ ስለሚያደርጉት፣ የእርስዎ 80 ሳንቲም እንደ 1 ዶላር ይቆጠራል፤ ክፍያው በዓመት 100 በመቶ ቢሆን በቀን ወደ 3 ዶላር የሚጠጋ ይቆረጥብዎታል። አበዳሪውም አክሲዮኑን በፈለገ ጊዜ መልሱልኝ ማለት ይችላል።

ቁጥሩን ወደ 200 ዝቅ ቢያደርጉ በአክሲዮን የሚሰላው መያዣ 500 ዶላር ይሆናል። ነገር ግን በማርጂን ሂሳብ (ከደላላው መበደር በሚያስችለው ሂሳብ) ለእንዲህ ያለ ሽያጭ ቢያንስ 2,000 ዶላር የራስ ገንዘብ መኖር ስላለበት፣ በዚያም መንገድ ብዙ አያተርፉም።