ጉድጓዱ ደርቋል ከማለታችሁ በፊት፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ዋላችሁ? ሥራዬ አቅማቸው የደከመ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶችን መጠገን ነው። ከቆቦ ጊራና ሸለቆ ብዙ ጊዜ "ውሃው ቀነሰብን" የሚል አቤቱታ ይደርሰኛል። ዛሬ በዚሁ ላይ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ጥያቄ (ከቆቦ)፦ ጋሼ፣ የመስኖ ጉድጓዳችን ሲቆፈር በሰከንድ 40 ሊትር ይሰጥ ነበር። አሁን 22 ብቻ ነው። "ደርቋል፣ አዲስ ይቆፈር" እየተባለ ነው። ምን ይላሉ?

መልስ፦ አብሽር፣ ደርቋል ለማለት ገና ነው። መጀመሪያ ሁለት ነገር ለካ። ፓምፑ ሌሊቱን አርፎ ሲያድር ውሃው ስንት ሜትር ላይ ነው? ለሰዓታት ከተሳበ በኋላስ ስንት ሜትር ላይ ይቆማል? ሁለቱንም ጉድጓዱ ሲቆፈር ከተመዘገበው ጋር አስተያይ።

ያረፈው ውሃ ራሱ ወደ ታች ከሸሸ፣ የቀነሰው የከርሰ ምድር ውሃው ነው። ማጠብ አይመልሰውም። ያረፈው እንደ ድሮው ሆኖ፣ ሲሳብ ብቻ አለቅጥ የሚወርድ ከሆነ ግን የጉድጓዱ ወንፊት (ውሃው ከመሬት ወደ ጉድጓዱ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ቧንቧ) ታፍኗል። ውሃው ብዙም ሳይወርድ የሚወጣው ካነሰ ደግሞ ፓምፑን ወይም ቧንቧውን ጠርጥር።

በቁጥር እንየው። ድሮ 40 ሊትር ሲሳብ ውሃው 10 ሜትር ይወርድ ነበር እንበል። ለአንድ ሜትር 4 ሊትር ማለት ነው። ዛሬ 22 ሊትር ለመሳብ 11 ሜትር ከወረደ፣ ለአንድ ሜትር 2 ሊትር ሆኗል። ጉድጓዱ ግማሽ አቅሙን አጥቷል። እኔ ሩቡን እንዳጣ ነው ሥራ የምጀምረው። ወንፊቱ ላይ የተጋገረው ነገር በቆየ ቁጥር ይጠነክራል።

ጥያቄ (ከሮቢት)፦ ውሃው ኩልል ያለ ነው። ታዲያ ምኑ ነው የሚጋገረው?

መልስ፦ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን እዩት። ያ ነጭ ቅርፊት ነው። ውሃው በድንጋይና በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ኖራ አሟሙቶ ይመጣል። ወንፊቱ ጋ ሲደርስ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ልክ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው ጋዙ ያመልጣል። ያን ጊዜ ኖራው መሟሟቱን ትቶ ወንፊቱ ላይና ከጀርባው ባለው ጠጠር ውስጥ ይጋገራል። ፓምፑን ከአቅም በላይ ስታስሮጡት የሚብስባችሁ ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ የእኛ ግን ነጭ አይደለም። ፓምፑ ሲወጣ ቀይ ቡኒ ልጋግ ለብሶ ነበር።

መልስ፦ ይህ በአብዛኛው ብረት የሚወዱ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። መድኃኒቱም ይለያል። ከፓምፑ ላይ ትንሽ ፍቀህ አሲድ ጠብ አድርግበት። ቶሎ አረፋ ከደፈቀ ኖራ ነው። ልጋጉ አረፋ ካልደፈቀ መጀመሪያ በብሩሽ መፈግፈግ፣ ከዚያ ክሎሪን ነው። ሳይፈገፈግ የተጨመረ ክሎሪን ላዩን ብቻ ነክቶ ይቀራል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ አሲድ ገዝተን ራሳችን ብንጨምርበትስ?

መልስ፦ እባካችሁ እንዳታደርጉት። አንድ ጊዜ ፓምፑ ሳይወጣ አሲድ ወደተደፋበት ጉድጓድ ተጠርቼ ነበር። ኬብሉ ተበልቷል፣ አፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ያይ የነበረው ልጅ ራሱን ስቷል። አሲድ ከኖራ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። አሲድና በረኪና ደግሞ በጭራሽ አይገናኙ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሰው ይገድላል። ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም።

በባለሙያ ሲሠራ ፓምፑ ይወጣል፣ ወንፊቱ ይቦረሻል፣ ተመጥኖ የተዘጋጀ አሲድ ይገባና ውሃው ወደ ላይና ወደ ታች ይናጣል። በመጨረሻ በኮምፕሬሰር እስኪጠራ ይታጠባል። የሚወጣው ውሃ አሲድነቱ በኖራ ሳይበርድ ወደ ማሳ ወይም ወደ ወንዝ አይለቀቅም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ ተማሪ)፦ የነዳጅ ጉድጓድም እንዲህ ይታፈናል?

መልስ፦ አዎ ልጄ። በ1896 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኸርማን ፍራሽ የተባለ ኬሚስት የነዳጅ ጉድጓድን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማከምን በአሜሪካ በፈጠራ መብት (ፓተንት) አስመዝግቧል። እዚያ ግን ከኖራ ሌላ ሰምና ሬንጅ መሰል ነገርም ይጋገራል። ለሰሙ ሙቀት ወይም እንደ ዛይሊን ያለ ማሟሟያ ያስፈልጋል። ባሪየም ሰልፌት የሚባለውን ቅርፊት ደግሞ አሲድ አያሟሟውም፤ ልዩ ኬሚካል ወይም በመሣሪያ መፋቅ ነው። እዚያም የተጋገረውን ሳይለዩ መድኃኒት መጨመር ገንዘብ መበተን ነው።

ጥያቄ (ከጎብዬ)፦ ወንድሜ፣ የእኛ መዝገብ ጠፍቷል። ከምን ጋር እናስተያይ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ያስቆፈረውን መሥሪያ ቤትና የወረዳውን ውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ የፓምፕ ሙከራው ወረቀት እዚያ ሊኖር ይችላል። ካልተገኘ ከዛሬ ጀምሩ። በየወሩ በአንድ ቀን፣ አርፎም ተስቦም ለክታችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። የቆቦው ወንድሜ፣ አንተም ሁለቱን ቁጥሮች ይዘህልኝ ና። እስከዚያ ለአዲሱ ቁፋሮ አትፈርሙ።