ባለ ቀዳዳ የመንጠቆ ክር እርሳስ በራስ እጅ ማውጣት፦ ጥያቄና መልስ

ከቀረቡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ድፍን እርሳስ (የዓሣ ማጥመጃ ክርን ውሃ ውስጥ የሚያሰጥም ክብደት) የሚያወጣን ፎርማ ባለ ቀዳዳ ስለማድረግ ስለሆኑ ከዚያ እንጀምር።

ጥያቄ፦ የአሉሚኒየም ፎርማዬ የሚያወጣው ድፍን ነው። ክር የሚያልፍበት ቀዳዳ እንዲኖረው ምን ላድርግ?

ሁለቱን ግማሾች ገጥመው ሞርሳ ላይ አጥብቀው ይሰሩ። ልክ መጋጠሚያው መስመር ላይ ምልክት አድርገው በ2 ሚሊሜትር መብሻ ይብሱት። ሲከፈት በየግማሹ ላይ ግማሽ ቦይ ይቀራል። ግማሾቹን ለየብቻ መቦርቦር አያዋጣም፤ ቦዮቹ ፊት ለፊት አይገጥሙም። የሚበሳውም ከሁለቱም ጫፍ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ ከገቡ መብሻው የመሃሉን ባዶ ካለፈ በኋላ ማዶው ግድግዳ ላይ ይንሸራተትና መስመሩን ይስታል።

በቀዳዳው 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ የማይዝግ ብረት ዘንግ ይገባል። ከፎርማው ውጪ 4 ሳንቲሜትር ያህል ይትረፍና ለመያዣ ይታጠፍ። ዘንጉን በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በቁመቱ ይሞርዱት፤ ዙሪያውን ከተሞረደ ጭረቶቹ እርሳሱን ይይዙታል። የመዳብና የናስ ዘንግ አይጠቀሙ። እርሳሱ ውስጥ ቲን የተባለው ብረት ካለ ይበየድበታል።

ጥያቄ፦ ዘንጉ ተጣብቆ አልወጣ እያለ ነው።

ዘግይተው ስለሚስቡት ነው። እርሳስ ሲቀዘቅዝ ከብረት ይበልጥ ይኮማተራል፤ ከመርጊያው ሙቀት እስከ ክፍሉ ሙቀት ሲወርድ በርዝመቱ ወደ 1 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ በቆየ ቁጥር ዘንጉን ያንቀዋል። ማፍሰሻው አፍ ላይ ያለው እርሳስ ብርሃኑ ድንገት ሲደበዝዝ ያያሉ፤ የረጋው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ጥቂት ሰከንድ ጠብቀው ዘንጉን በፒንሳ መጀመሪያ ያዙሩት፣ ቀጥሎ ይሳቡት። ሳያዞሩ መሳብ የቀዳዳውን አፍ ይቀደዋል። ዘንጉንና የፎርማውን ውስጥ በሻማ ጥላሸት ማጥቆርም በጣም ይረዳል። ዘይት ግን አይቀቡ።

ጥያቄ፦ ላዩ ይሸበሸባል፣ አንዳንዴ ደግሞ ግራጫ ሆኖ ይሻክራል።

እያብለጨለጨ የሚሸበሸብ ከሆነ ፎርማው ቀዝቃዛ ነው ወይም ቅባት ነክቶታል። ግራጫ ሆኖ ውርጭ የመታው ከመሰለ ከመጠን በላይ ሞቋል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የምድጃውን ሙቀት ይጨምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የፎርማው ነው። እርሳሱ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ከ370 እስከ 400 ባለው ማፍሰስ ይበቃል። ፎርማውን ምድጃው ዳር ያሙቁት፤ የመጀመሪያዎቹን እርሳሶች ሳይቆጩ ወደ ድስቱ ይመልሱ።

መጨማደዱ ቀዳዳው ዙሪያ ብቻ ከሆነ ዘንጉን ይመልከቱ። በየጊዜው ወጥቶ ስለሚገባ ከፎርማው ቀድሞ ይቀዘቅዛል። በየመሃሉ ድስቱ አጠገብ ያሳርፉት።

ጥያቄ፦ ሲቆረጥ መሃሉ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

እርሳስ ሲረጋ ከይዘቱ ከ3 በመቶ በላይ ያጣል። ማፍሰሻው ጠባብ ከሆነ አፉ ቀድሞ ይዘጋና ከላይ የሚሞላው ያጣል። አፉን እንደ ጡሩምባ አፍ ሰፋ አድርገው ይብሱት፤ ሲያፈሱም ትንሽ እርሳስ አፉ ላይ ተጠራቅሞ ይቆይ። ታችኛው ጠርዝ ሳይሞላ ተድቦልቡሎ ከቀረ ግን አየር መውጫ አጥቷል። ከጉድጓዱ እስከ ፎርማው ዳር 0.1 ሚሊሜትር ጥልቀት ያላቸው ጭረቶች ይጫሩ፤ አየሩ ይወጣል፣ እርሳሱ አይገባባቸውም።

ጥያቄ፦ ቅላጩ እንደ ገንፎ ወፈረብኝ።

ዚንክ ገብቶበታል፤ ምንጩ ብዙውን ጊዜ የጎማ ማመዛዘኛ ክብደት ነው። ዚንክ የሚቀልጠው በ419 ዲግሪ ስለሆነ ቁርጥራጭ ሲያቀልጡ ከ370 አይለፉ፤ ሳይቀልጥ የሚንሳፈፈውን በጭልፋ ያውጡ። አንዴ ከተቀላቀለ ቤት ውስጥ መለየት አይሞከር።

ጥያቄ፦ የአሮጌ መኪና ባትሪ እርሳስስ?

በፍጹም። አሲዱ ብቻ አይደለም አደጋው። ከሳህኖቹ የሚቀረው ዝቃጭ እርጥበት ሲያገኘው የአርሰኒክና የአንቲሞኒ መርዛማ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጭሱ ነው የሚመርዘው?

በዚህ ሙቀት ዋናው አደጋ አቧራው ነው። ከላይ የሚጠረገው ግራጫ ዱቄት የእርሳስ ኦክሳይድ ነው፤ ከእጅ ወደ አፍ ይገባል። ሥራው ደጅ፣ ነፋስ ባለበት፣ ከልጆችና ከእርጉዝ ሴት ርቆ ይሁን። ዱቄቱን ክዳን ባለው ጣሳ ያስቀምጡ፤ ቦታውን በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በደረቅ መጥረጊያ አያጽዱ። የሥራ ልብስዎ ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አይታጠብ። የማቅለጫው ድስትም ዳግመኛ ምግብ አይነካም። አዘውትሮ የሚሠራ ሰው በደሙ ያለውን የእርሳስ መጠን ያስመርምር።

ውሃ ደግሞ ሌላው ጠላት ነው። ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ ወደ 1,700 እጥፍ ስለሚሰፋ አንዲት ጠብታ ቅላጩ ሥር ከገባች ድስቱን ሙሉ ታስፈነጥረዋለች። ተጨማሪ እርሳስ ሲጨምሩ አስቀድመው ዳር ላይ አሙቀው ያድርቁት። የዓይን መከላከያ፣ የቆዳ ጓንትና የተዘጋ ጫማ ግዴታ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከማቅለጤ በፊት ክብደቱን ማወቅ እችላለሁ?

ጉድጓዱን በመርፌ ሲሪንጅ ውሃ ይሙሉና ሚሊሊትሩን በ11.3 ያባዙ። 5 ሚሊሊትር 56 ግራም ገደማ ይሰጣል። ባለ 2 ሚሊሜትሩ ቀዳዳ በ3 ሳንቲሜትር ርዝመት የሚቀንሰው 1 ግራም ያህል ብቻ ነው። ከልኬቱ በኋላ ፎርማውን እሳት ዳር በደንብ ያድርቁት።

ጥያቄ፦ በእርሳስ ፋንታ ሌላ ብረት ይሆናል?

ይሆናል፤ አንዳንድ ቦታም ግድ ነው። ብሪታንያ ከ1987 ጀምሮ ከ0.06 እስከ 28.35 ግራም ያለውን የእርሳስ ማስጠሚያ ከሽያጭ አግዳለች፤ የሚውጡት የውሃ ወፎች ይሞቱ ስለነበር። በዚያው ፎርማ ቲን ማፍሰስ ይቻላል፤ በ232 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የማይዝገውን ዘንግም አያስቸግርም። የሚቀለው ግን በግልጽ ነው፤ 28 ግራም እርሳስ የሚያወጣው ጉድጓድ በቲን 18 ግራም ያህል ይሰጣል።