የደም ውፍረት ኖርማል ሬንጅ፦ ከማሽኑ በፊት ያለው ሥራ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «የደም ውፍረት መለኪያ ማሽን ገብቶልናል። አብሮት በመጣው ኖርማል ሬንጅ እንሥራ ወይስ ለጤነኛ አዋቂዎች የራሳችንን እናውጣ? ደም ለጋሾችን ብንወስድስ?» ነው ያልሽው። እኔ ደሴ ላይ ለዓመታት ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ እዚሁ ጉዳይ ላይም ተፈትኛለሁ። ኖርማል ሬንጅ ማለት የአብዛኛው ጤነኛ ሰው ውጤት የሚያርፍበት ክልል ነው፤ የራሳችሁን አውጡ። ግን ማሽኑን ሳትከፍቱ ደሙ እንዴት እንደሚቀዳና እንዴት እንደሚጓጓዝ ቁርጥ አድርጋችሁ ወስኑ። የሚበላሸው እዚያ ነው።

የኛን ልንገርሽ። ከደሴ ሰዎች ሌላ ከኮምቦልቻም ጤነኛ ሰዎች እንጨምር አልን። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች። ከፍታ ቀይ የደም ሴልን ስለሚጨምር የደሴዎቹ ይወፍራል ብለን ጠበቅን። ውጤቱ ተገልብጦ መጣ፤ የኮምቦልቻዎቹ በለጠ። ሙቀቱ ነው፣ ላብ ነው እያልን ምክንያት መደርደር ጀመርን። እኔም አምኜበት ነበር። በማግስቱ ከኮምቦልቻ ሌላ የደም ሳጥን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ሲደርስ አንዱን ቱቦ አንስቼ በመዳፌ ያዝኩት። በረዶ ነው! ለካ የኮምቦልቻዎቹ ደም ከአይስ ፓኩ እየወጣ በቀጥታ ነበር የሚለካው። ደም ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ በአንድ ዲግሪ ወደ 2 በመቶ ገደማ። ቱቦዎቹን 37 ዲግሪ ዋተር ባዝ ውስጥ አቆይተን፣ ቀስ እያልን ገለባብጠን ደገምነው። ልዩነቱ ጠፋ። አንድ ሳምንት ዘግይተን ብናየው ኖሮ «የኮምቦልቻ ሰው ደሙ ወፍራም ነው» ብለን ጽፈን እናርፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ደሙን ማምጣት ትተን ማሽኑን ይዘን ወረድን። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ኢዲቲኤ ያለበትን ቱቦ ተጠቀሙ፤ ከተቀዳ በ4 ሰዓት ውስጥ ለኩ።

ማሽኑን ራሱን በተጣራ ውሃ ፈትኚው። የውሃ ውፍረት በ20 ዲግሪ 1.00 ሚሊፓስካል ሴኮንድ (የውፍረት መለኪያ አሃድ) ነው፤ በ37 ዲግሪ ወደ 0.69 ይወርዳል። ይህን ካላገኘሽ ደም አትጫኚበት።

ከፍታ ሲባልም አትቸኩዪ። በ2002 እ.ኤ.አ. የአንትሮፖሎጂስቷ የነ ሲንቲያ ቢል ጥናት ሰሜን ተራሮች አምባራስ ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን ለክቶ ነበር። አማካይ ሄሞግሎቢናቸው (ቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሆነ። ይህ ባሕር ጠለል አካባቢ ከሚኖር ሰው ብዙ አይርቅም። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው በደንብ ከፍ ይላል። ስለዚህ የነሱን ልክ አምጥቶ ለኛው ለደላንታ ደጋ ሰው ማልበስ አይሆንም። የደም ውፍረትን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ደግሞ ሄማቶክሪት ነው፤ ከደሙ ውስጥ ቀይ የደም ሴል የያዘው ድርሻ ማለት ነው። እያንዳንዱ ውጤት አጠገብ ሄማቶክሪቱን ሳትጽፊ አትለፊ።

ለጋሾቹን በተመለከተ፣ ብቻቸውን አይበቁም። ሄሞግሎቢናቸው ዝቅ ያለው በር ላይ ስለሚመለሱ የታችኛው ጫፍ ተቆርጦ ነው የሚደርስሽ። ደጋግሞ የሚለግስ ሰው ደግሞ ብረቱ ሊያንስ ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛውንም፣ ገበሬውንም፣ ነጋዴዋንም አካቱ። ነፍሰ ጡር፣ አጫሽ፣ ሰሞኑን ትኩሳት የነበረበት ይውጣ። ቆላው ላይ ወባም ትመረምሪያለሽ።

ጾሙን እንዳትረሺ። ወሎ ነውና ረመዳንም አለ፣ ሁዳዴም አለ። ከሰዓት በኋላ ውሃ ያልቀመሰ ጾመኛ ደሙ ወፈር ማለቱ በሽታ አይደለም፤ ለኖርማል ሬንጅ ግን አይሆንም። እኛ በጾም ወቅት ሥራውን አቁመን ነበር። አንድ ጊዜ ከገራዶ በእግራቸው የመጡ አዛውንት «ቶሎ ቅዱኝና ገበያዬን ልያዝ» አሉን። ላባቸው ገና አልደረቀም። «ጋሼ፣ ትንሽ ይረፉልን» ብለን 15 ደቂቃ አስቀመጥናቸው። ሲቆሙ፣ ሲራመዱ ከደም ሥር ውስጥ ውሃ ይወጣል፤ ሲያርፉ ይመለሳል። ክንድ ላይ የሚታሰረው ላስቲክም ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆየ ያው ነው፤ ደሙን ያወፍረዋል።

ቁጥሩን ጠይቀሽ ነበር። የላብራቶሪ ደረጃዎችን የሚያወጣው ተቋም የሲኤልኤስአይ መመሪያ ለእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ 120 ጤነኛ ሰው ይላል። ወንድና ሴት ለየብቻ ይሁኑ፣ የሴቶች ሄማቶክሪት ዝቅ ስለሚል። የ120ውን ውጤት ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሪ፤ ሦስተኛው የታች ወሰን፣ 118ኛው የላይ ወሰን ይሆንሻል። በ40 ሰው ከሞከርሽው ጫፉ ላይ በተቀመጠ በአንድ ሰው ደም ነው የምትፈርጂው።

ደም እንደ ውሃ አይደለም፤ በዝግታ ሲፈስ ይወፍራል፣ ሲፈጥን ይቀጥናል። ስለዚህ ለዝቅተኛና ለከፍተኛ ሺር ሬት (ማሽኑ ደሙን የሚያፈስበት ፍጥነት በሉት) የየራሱ ሬንጅ ይውጣ። ሪፖርቱም ላይ የትኛው እንደሆነ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ሐኪሙ የሚያነበው ባዶ ቁጥር ነው።

120 ሰው ለማግኘት አቅም እስኪኖራችሁ ድረስ የማሽኑን ሬንጅ በ20 ጤነኛ ሰው ፈትኑት። ከውጭ የሚወድቁት ከ2 ካልበለጡ ለጊዜው መጠቀም ይቻላል። ከበለጡ ሌላ 20 ሰው ጨምሩ። እኛ የተጠቀምንበትን መጠይቅ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።