ስለ ፔይፐርቪው ቁጥር ጠይቁኝ፦ ከ"ቆጣሪው" ጋር ጥያቄና መልስ

ቆጣሪው፦ ሰሞኑን "በፔይፐርቪው ብዙ የሸጠው ቡጢኛ ሜይዌዘር ነው ወይስ ታይሰን?" እያላችሁ ስትናከሱ ዝም ብዬ ሳይ ነበር። አላስቻለኝም። ለአዲሶቹ፦ ፔይፐርቪው ማለት ለአንድ ፍልሚያ ለብቻው ከፍሎ ቤት በቴሌቪዥን ማየት ነው። አሜሪካ ውስጥ በአንድ የኬብል ኩባንያ የፔይፐርቪው ትዕዛዝ መቀበያ ክፍል ሠርቻለሁ። የቆያችሁት ታውቁኛላችሁ። ዛሬ ያላችሁን ጠይቁ። ማስጠንቀቂያዬ አንድ ነው፦ ቁጥር ይዛችሁ ስትመጡ ማን እንዳወጣው አብራችሁ ንገሩኝ። "ተባለ" ቁጥር አይደለም። ማን ያሸንፋል ለሚልም መልስ የለኝም።

ግራኙ፦ ጋሼ እንኳን መጡ። የምንጊዜም ሪከርድ የማን ነው?

ቆጣሪው፦ የሜይዌዘርና የፓኪያው። ሜይ 2 ቀን 2015፣ ላስ ቬጋስ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 4.6 ሚሊዮን ግዢ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የወጣው 4.4 ነበር፤ ሂሳቡ ሲጠቃለል ከፍ አለ። ቀጥሉ።

ኮኖር_አዳማ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ማክግሪገር እኮ በ2017 ከሜይዌዘር ጋር ሲገጥም 6.7 ሚሊዮን ሸጧል። "ተባለ" እንዳይሉኝ፣ ዳና ዋይት በራሱ አፍ ነው የተናገረው።

ቆጣሪው፦ ጎበዝ፣ ምንጭህን ጠቅሰሃል። አሁን ምንጭህን እንየው። ዳና ዋይት የዩኤፍሲ፣ ማለትም የድብልቅ ማርሻል አርት ውድድር ድርጅት አለቃ ነው። ማክግሪገር ደግሞ በእሱ ድርጅት ውስጥ የሚፋለም ሰው ነው። መርካቶ ያለ ነጋዴ ስለ ራሱ ጨርቅ ሲነግርህ ዝም ብለህ ትከፍላለህ? ደግሞም ሰውዬው ያወራው ስለ መላው ዓለም ነው። ፍልሚያውን አሜሪካ ውስጥ የሸጠው ሾውታይም የሚባለው የኬብል ጣቢያ ነበር። ጣቢያው የነሐሴውን ፍልሚያ ቁጥር ያወጣው በዲሴምበር 2017 ነው፤ ወራት ቆይቶ፣ ሂሳቡ ሲዘጋ። ስንት አለ? 4.3 ሚሊዮን። አሜሪካን ከአሜሪካ ጋር ካወዳደርክ የ2015ቱ ይበልጣል። የዓለምን ቁጥር ከአንድ አገር ቁጥር ጋር እያላተሙ ሌሊቱን መጨቃጨቅ የዚህ ቤት በሽታ ሆኗል። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል።

ኮኖር_አዳማ፦ 4.3ም ቢሆን ከዚያ በፊት አንድም የፕሮፌሽናል ቦክስ ውድድር ላላደረገ ሰው ቀላል አይደለም።

ቆጣሪው፦ ቀላል ነው ያለህ የለም።

የሽሮሜዳ ልጅ፦ ሰላም ነው። ስለ ፔይፐርቪው ትንሽ ቢያብራሩልን?

ቆጣሪው፦ ምኑን? ጥያቄ አድርገህ አምጣው።

ሄለን ከዲሲ፦ እኔ ጥያቄ አድርጌ ላምጣው። ሁሉም የየራሱን ቁጥር የሚያወራ ከሆነ ትክክለኛውን ከፈጠራው በምን እንለያለን?

ቆጣሪው፦ ይኼን ስጠብቅ ነበር። ተባረኪ።

መጀመሪያ ይኼን ያዢ። የአዳራሽ ትኬት ገቢ እና የፔይፐርቪው ሽያጭ እኩል አይታመኑም። ኔቫዳ ውስጥ ፍልሚያ ሲደረግ የትኬቱ ሂሳብ ለግዛቱ የአትሌቲክስ ኮሚሽን ይቀርባል፤ ግብር ይከፈልበታል። ለዚህ ነው የሜይዌዘርና የፓኪያው የትኬት ገቢ 72,198,500 ዶላር ነው ተብሎ እስከ መቶዋ ድረስ የሚታወቀው። የፔይፐርቪውን ቁጥር ግን እንዲያወጣ የሚገደድ አካል የለም። ፕሮሞተሩ (የፍልሚያው አዘጋጅ) ወይም ጣቢያው ደስ ሲለው ያወጣል፤ ካልጣመው ይውጠዋል። ዝምታ ራሱ ቁጥር ነው። ከፍልሚያው በኋላ በነበረው ሳምንት መግለጫ ካልወጣ ብዙውን ጊዜ ሽያጩ የሚያኮራ አልነበረም ማለት ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሁለተኛው የራሴ ዘዴ ነው። ተገኘ የተባለውን ገቢ ተሸጠ ለተባለው ግዢ አካፍዪው። ውጤቱ አንድ ሰው ከከፈለው ዋጋ አጠገብ ካልመጣ ከሁለቱ አንዱ ፈጠራ ነው። እንሞክረው። ሜይዌዘርና ካኔሎ፣ ሴፕቴምበር 2013። 2.2 ሚሊዮን ግዢ፣ 150 ሚሊዮን ዶላር ተባለ። ሲካፈል 68 ዶላር ገደማ ይመጣል። ዋጋው በመደበኛ ምስል 64.95፣ በኤችዲ 74.95 ነበር። 68 መሃል ላይ ቁጭ አለ። ጥሩ። ዴ ላ ሆያና ሜይዌዘር፣ 2007። 2.4 ሚሊዮን ግዢ፣ 134 ሚሊዮን ዶላር። ሲካፈል ወደ 56 ይጠጋል፤ ዋጋው 54.95። ብዙ አልራቀም፣ ይሁን። የ2015ቱም እንደዚያው ነው። ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ መጀመሪያ ለወጣው 4.4 ሚሊዮን ስታካፍዪው ከ90 ከፍ ይላል፤ ዋጋው 89.95 እና 99.95 ነበር። አንድ ሰው ገቢውን ደብቆ ግዢውን ብቻ፣ ወይም ግዢውን ደብቆ ገቢውን ብቻ ከነገረሽ ግን ጠርጥሪ።

ሄለን ከዲሲ፦ ገባኝ። ፕሮሞተሩ ግን ቢዋሽ ምን ይጠቀማል?

ቆጣሪው፦ የሚቀጥለውን ፍልሚያ በውድ ይደራደርበታል። ስፖንሰር ያመጣበታል። አንዳንዴ ደግሞ ማሳነስም ይጠቅመዋል። የቡጢኛው ውል "ከዚህ ቁጥር በላይ ከተሸጠ ድርሻዬ ይጨምር" የሚል ከሆነ ዝቅ ያለ ቁጥር ለማን እንደሚመች አስቢው።

የሰባተኛው ታይሰን፦ ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። የሁሉም ንጉሥ ታይሰን ነው። በ1997 ከሆሊፊልድ ጋር 1.99 ሚሊዮን ሸጧል። ያኔ ኢንተርኔቱ የት ነበር? በስልክ መነካካት የት ነበር?

መኒ_ቲም፦ 1.99 ከ4.6 ይበልጣል እንዴ? የሒሳብ አስተማሪህ ይክሰስህ።

የሰባተኛው ታይሰን፦ አንተ ሜይዌዘርን የምታውቀው በመኪናው ነው። ታይሰን ከእስር ወጥቶ ማክኒሊን ሲገጥም 89 ሰከንድ ለፈጀ ነገር ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ቤት ነው የከፈለው። ሜይዌዘር 36 ደቂቃ ሙሉ ሲሸሽ ነው የሚያሳይህ።

መኒ_ቲም፦ 50 ድል ለ0 ሽንፈት። ሌላ ቋንቋ አልችልም።

ግራኙ፦ ታይሰን የሆሊፊልድን ጆሮ የነከሰውን ነገር ማን ሊያነሳ ነው?

የሰባተኛው ታይሰን፦ ጆሮው ከሽያጩ በኋላ ነው የመጣው! ሰው ከፍሎ ጨርሶ ነበር!

ቆጣሪው፦ አቁሙ። ይኼ የመጣሁበት ጥያቄ ስለሆነ ልመልስ። በቁጥር የሜይዌዘር ይበልጣል፤ ክርክር የለውም። ግን የታይሰኑ ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በ1997 ፔይፐርቪው ማዘዝ የሚያስችል ሳጥን ቤቱ ያለው ሰው ከ2015ቱ በጣም ያንስ ነበር። ዋጋውም 49.95 ዶላር ነበር። ታይሰንን ማዘዝ ከሚችሉት ቤቶች መሃል ያዘዙት ምን ያህል እጅ ናቸው ብለህ ብታሰላ ልዩነቱ ይጠባል። በገንዘብ ብታየው ደግሞ ይሰፋል፤ ያኛው ወደ 100 ሚሊዮን፣ ይኼኛው ከ400 ሚሊዮን በላይ። የቱን መለኪያ እንደያዛችሁ ሳትነጋገሩ ነው የምትሰዳደቡት።

አቢ_ቦሌ፦ ጋሼ የምንጊዜም ሪከርድ የማን ነው?

ቆጣሪው፦ ከላይ አንብብ።

የሽሮሜዳ ልጅ፦ እሺ ጥያቄዬን አስተካክያለሁ። አንድ ሰው 100 ዶላር ሲከፍል ብሩ ለማን ለማን ይከፋፈላል?

ቆጣሪው፦ አሁን ጠየቅክ። ኬብሉና ሳተላይቱ ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሽ ይወስዳሉ። ለትልልቅ ፍልሚያዎች ፕሮሞተሮች ተጨቃጭቀው ይኼን ድርሻ ያስቀንሱታል። ከቀረው ጣቢያው የራሱን ያነሳል። የተረፈው ፕሮሞተሩ እጅ ይገባል። እሱ ደግሞ የማስታወቂያውን፣ የሌሎቹን ግጥሚያዎችና የዋነኞቹን ቡጢኞች ይከፍላል። ስለዚህ "4 ሚሊዮን በ100 ዶላር፣ 400 ሚሊዮን ሜይዌዘር ኪስ ገባ" እያላችሁ አትጻፉ። ሌላም ልጨምርልህ። ኮሚሽኑ ጋ የሚመዘገበው ክፍያ የተረጋገጠው መነሻ ብቻ ነው። ለማክግሪገሩ ፍልሚያ የተመዘገበው ለሜይዌዘር 100 ሚሊዮን፣ ለማክግሪገር 30 ሚሊዮን ነው። የፔይፐርቪው ድርሻ ከዚያ በላይ የሚመጣ ነው። በ2007ም ዴ ላ ሆያ የተረጋገጠለት 23 ሚሊዮን ነበር፤ ሽያጩ ተጨምሮ 52 ሚሊዮን ይዞ ሄደ። የተሸነፈው እሱ ነው ደግሞ።

ጎሎቭኪን ፋን፦ ጂጂጂ (ጎሎቭኪን) ለምን አይሸጥም ነበር? በዝረራ የማይጥለው አልነበረም እኮ።

ቆጣሪው፦ ጥሩ ቡጢኛ እና የሚሸጥ ቡጢኛ የተለያዩ ናቸው። በኦክቶበር 2015 ከሌምዩ ጋር ሲገጥም ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ጢም ብሎ ሞላ። ፔይፐርቪው? ወደ 150 ሺህ። ያው ሰው በ2017 ከካኔሎ ጋር ሲወጣ 1.3 ሚሊዮን ተሸጠ። በሁለት ዓመት ውስጥ ጎሎቭኪን አልተለወጠም። የተለወጠው ከፊቱ የቆመው ሰው ነው፤ ከካኔሎ ጀርባ ደግሞ የሜክሲኮ ሕዝብ አለ። ፍልሚያውም የሜክሲኮ የነፃነት በዓል ሰሞን ላይ ነው የተደረገው።

ጎሎቭኪን ፋን፦ የመጀመሪያውን ግን አሸንፎ ነበር አይደል?

ቆጣሪው፦ ማን ያሸንፋል አልመልስም ብያለሁ። ማን አሸነፈም እዚያው ውስጥ ነው።

ቶማስ_ጉርድ ሾላ፦ እኛ አዲስ አበባ ሆነን እሁድ ጠዋት በቴሌግራም ሊንክ የምናየው እንቆጠራለን?

ቆጣሪው፦ አትቆጠሩም።

ቶማስ_ጉርድ ሾላ፦ ማለቴ፣ ሽያጩን እኛ ነን የገደልነው የሚሉ አሉ።

ቆጣሪው፦ ፕሮሞተር ሽያጭ ሲወርድበት መጀመሪያ የሚጠራው ስም "ሌባ" ነው። ፕሮሞተሩ ቦብ አረም ሁለተኛው የዋይልደርና የፊዩሪ ፍልሚያ 2 ሚሊዮን እንደሚሸጥ ሲናገር ነበር። የተነገረው ሽያጭ ከ800 እስከ 850 ሺህ ነው። ወዲያው ስርቆት ተነሳ። ስርቆት የለም አልልም። ለማክግሪገሩ ፍልሚያ ኢርዴቶ የተባለ የደህንነት ኩባንያ 239 ሕገወጥ ሊንኮች አግኝቶ 2.9 ሚሊዮን ያህል ሰው አይቷቸዋል ብሎ ገምቷል። ግን በነፃ ያየ ሁሉ ሊንኩ ባይኖር 100 ዶላር ይከፍል ነበር? አንተ ትከፍል ነበር?

ቶማስ_ጉርድ ሾላ፦ ኧረ የት አባቴ።

ቆጣሪው፦ በቃ። አሁንም ግን ማን እንዳወጣው ተመልከት። ኢርዴቶ ስርቆት መከላከያ የሚሸጥ ድርጅት ነው።

ሄለን ከዲሲ፦ በ2015 ፍልሚያው የዘገየው በትዕዛዝ ብዛት ነው የሚባለው እውነት ነው?

ቆጣሪው፦ እውነት ነው። የአበሻው ብቻ እንዳይመስልሽ፣ አሜሪካኑም ሁሉን ነገር መጨረሻ ሰዓት ላይ ነው የሚያደርገው። ሳምንቱን ሙሉ ስልካችን ቀዝቃዛ ነው። ቅዳሜ ማታ ዋናዎቹ ሊወጡ ሲሉ ይጮኻል። ደዋዩ ጀርባ ሃያ ሰው ሲንጫጫ ይሰማሻል። ቢራው ተከፍቷል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ግን "ይህን ፕሮግራም አልገዙም" የሚል ሰማያዊ ስክሪን ነው ያለው። የዚያን ሌሊት ትዕዛዙ ሲስተሙን አጨናነቀው፤ ፍልሚያውም ሰው እስኪገባ ተብሎ ዘገየ። ከዚህ ሌላ ነገር ተረጂ። ያ ሃያ ሰው በሂሳብ አንድ ግዢ ነው። ግዢ ተመልካች አይደለም። ለዚህ ነው "4.6 ሚሊዮን ሰው አየው" የሚለውን ሳነብ ደሜ የሚፈላው።

መኒ_ቲም፦ ታዲያ በኔትፍሊክስ ታይሰንና ጄክ ፖል 60 ሚሊዮን ቤት ገብተዋል። ሪከርዱ ተሰበረ ማለት ነው?

የሰባተኛው ታይሰን፦ ይኸው! ንጉሡ ተመለሰ!

ቆጣሪው፦ ደሜ ይፈላል አልኩ እንጂ አፍሉት አልኩ? ኔትፍሊክስ ላይ ለዚያ ፍልሚያ ተብሎ የተከፈለ ብር የለም። ሰው የወር ክፍያውን ከፍሎ ድራማ ሲያይ የከረመበት ቤት ነው። ካኔሎና ክሮፎርድ በሴፕቴምበር 2025 ከ41 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አገኙ ያለውም ራሱ ኔትፍሊክስ ነው። ክሮፎርድ በ2023 ከስፔንስ ጋር በ84.99 ዶላር ሲሸጥ የተዘገበው ከ650 እስከ 700 ሺህ ግዢ ነበር። በሁለት ዓመት ስልሳ እጥፍ ተወዳጅ ሆነ? አልሆነም። መለኪያው ነው የተቀየረው። ኤችቢኦ የሚባለው ጣቢያ በ2018 መጨረሻ፣ ሾውታይም በ2023 መጨረሻ ከቦክስ ወጥተዋል። ዳዞን የሚባለው የኢንተርኔት ስፖርት ማሰራጫም "ፔይፐርቪው ሞቷል" እያለ አሜሪካ ገብቶ በ2022 ራሱ ሻጭ ሆነ። ከእንግዲህ ካለፈው ጋር የሚወዳደር ቁጥር ማግኘት ከባድ ነው።

አቢ_ቦሌ፦ ከላይ አነበብኩ። 4.4 ነው 4.6?

ቆጣሪው፦ አላነበብክም።

እናት ጓዳ ሬስቶራንት፦ እኔ የምጠይቀው የሥራ ነገር ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ለቤቴ ገዝቼ ምግብ ቤቱ ውስጥ ብከፍተው ችግር አለው?

ቆጣሪው፦ አለው፤ ትልቅ ችግር። የንግድ ቤት ፈቃድ ለብቻው ነው የሚሸጠው። ዋጋውም ቤቱ ስንት ሰው ይይዛል በሚለው ይወሰናል። እንደ ጆ ሃንድ ፕሮሞሽንስ ያሉ ድርጅቶች ሥራቸው ይኼንን ፈቃድ መሸጥና ያለፈቃድ ያሳየውን ፍርድ ቤት መገተር ነው። ተቆጣጣሪ ይልካሉ። ሰውዬው ቢራ ያዛል፣ ግድግዳው ላይ ስንት ቴሌቪዥን እንዳለ ይቆጥራል፣ ይመዘግባል፣ ይወጣል። አንቺ ክሱ በፖስታ ሲመጣ ነው የምታውቂው። የፌዴራሉ ሕግ ካሳው ከ1,000 እስከ 10,000 ዶላር ይላል፤ ለትርፍ ብለሽ ሆን ብለሽ ካደረግሽው እስከ 100,000 ይጨመርበታል።

እናት ጓዳ ሬስቶራንት፦ መግቢያ ባላስከፍልስ? የማገኘው ከክትፎው ብቻ ነው።

ቆጣሪው፦ ክትፎው የሚሸጠው በፍልሚያው ምክንያት ከሆነ ያው ንግድ ነው።

እናት ጓዳ ሬስቶራንት፦ ላይኛው ክፍል፣ በር ዘግተን፣ ዘመድ ብቻ ቢሆንስ?

ቆጣሪው፦ የአበሻ ዘመድ ስንት እንደሆነ ዳኛው ባያውቅም እኔ አውቃለሁ። ፈቃዱን ግዢ።