አይጥ የበላውን የውጭ ሽቦ በናስትሮ ጠቅልለሽ አትለፊው

ሰላም እህቴ። ከዋናው ቤት ወደ ማድ ቤት የሚሄደውን የመብራት ሽቦ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አይጥ እንደበላብሽ፣ ሠራተኛውም በመጣ ቁጥር ናስትሮ ጠቅልሎ እንደሚሄድ ጽፈሻል። «መርዝ ላድርግ ወይስ ሚጥሚጣ ልቀባው?» ነው ጥያቄሽ። እኔ የመብራት ሠራተኛ አይደለሁም። ግን ለገጣፎ ባለው ግቢያችን ይህ ነገር አራት ዓመት አሰቃይቶናል። ያየሁትንና ከሠራተኞች የተማርኩትን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር። አሁኑኑ ተነሺና የዚያን መስመር ብሬከር አውርጂ። ለብቻው ካልተለየ ዋናውን አጥፊ። ሽቦው ባለፈበት በኩል የቆርቆሮ አጥር፣ የብረት በር ወይም የልብስ ማስጫ ካለ ልጆቹን ከዚያ አርቂ። የማጋነን እንዳይመስልሽ።

እኛ ጋ ሽቦው ከልብስ ማስጫው ጋር ታስሮ ነበር የሚሄደው። ቤቱን ስንገዛ እንደዚያው አገኘነው፣ እንደዚያው ተውነው። አንድ የሐምሌ ጠዋት ባለቤቴ እርጥብ አንሶላ ልታሰጣ እጇን ስትዘረጋ ነዘራትና ወደ ኋላ ወረወራት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የጎማ ቦቲ አድርጋ ነበር። መብራት አጥፍተን ስናየው አይጥ የሽቦውን ላስቲክ ሁለት ጣት ያህል ልጣው መዳቡ አፍጥጧል። መዳቡ ደግሞ የልብስ ማስጫውን ነክቷል።

በጣም ያስደነገጠኝ ብሬከሩ አለመውረዱ ነው። በኋላ የመጣው ሠራተኛ አስረዳኝ። ብሬከር የሚወርደው መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ወይም ሾርት ሲያደርግ ነው። ሰውን የሚገድለው ኤሌክትሪክ ግን ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር እሱን ከቁብ አይቆጥረውም። ስለዚህ በዚያው ሳምንት አርሲዲ የሚባለውን አስገባን። ወደ መሬት ወይም ወደ ሰው የሚያፈሰው ኤሌክትሪክ 30 ሚሊ አምፔር ገደማ ሲደርስ በቅጽበት ያቋርጣል። አይጥ አያባርርም፤ ሰው ግን ያተርፋል። ለውጭ መስመር ያለ እሱ መኖር የለብሽም። ፊቱ ላይ ያለችውን መፈተሻ ቁልፍ በየወሩ ተጫኛት፤ ካልወረደ አይሠራም ማለት ነው።

አሁን ወደ አይጧ። አይጥ ሽቦ የምትበላው ርቧት አይደለም። የፊት ጥርሶቿ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ፣ ስለዚህ ጠንከር ያለ ነገር ስትቆረጥም ነው የምትውለው። እህል ብትደብቂባትም ሽቦውን ላትተወው ትችላለች። የላስቲክ ሽፋኑ፣ ፕላስቲክ ቱቦው፣ እርሳስና አሉሚኒየም ሳይቀር ጥርሷን አይመልሱም። ነጩን ፕላስቲክ ቱቦ ገዝተን ሽቦውን በሙሉ ከተትንበት። በአምስተኛው ወር መታጠፊያው ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አገኘንበት።

ሚጥሚጣውንም ሞክረናል። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ሆንዳ ራሱ በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን ያለበትን ቴፕ ለመኪና ሽቦ ይሸጣል። ነገር ግን እኛ ከቫዝሊን ጋር ለውሰን የቀባነውን ሁለት ቀን የዘነበ ዝናብ አጠበው። የቀረውም የልጃችን ዓይን ውስጥ ገባ። በድምፅ አይጥ ያባርራሉ የሚባሉትን ሶኬት ላይ የሚሰኩ ዕቃዎችም አትግዢ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2001 እ.ኤ.አ. ከ60 በላይ ለሚሆኑ አምራቾችና ሻጮች «የምትሉትን በሳይንስ አስደግፉ» ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎላቸዋል።

መርዙን እባክሽ ተዪው። ድመታችን የሞተችው በዚያ ነው፤ መርዝ የበላች አይጥ በልታ። ሌላዋ አይጥ ኮርኒስ ውስጥ ሞታ ሦስት ሳምንት ሸተተን። ከወር በኋላ ሌሎች መጡ። ግቢሽ ውስጥ ልጅ፣ ውሻ ወይም ዶሮ ካለ ጭራሽ አይታሰብም። ወጥመድ ይሻላል። አይጥ ግድግዳ ታክካ ስለምትሄድ አፉን ወደ ግድግዳው አድርገሽ አስቀምጪው።

ለእኛ የሠራልን የብረት ቱቦ ነው። ለውሃ መስመር የሚሸጠው ጋልቫናይዝድ ቱቦ ማለቴ ነው። ይኸው ሦስተኛ ክረምቱን አለፈ፣ አንድም ቦታ አልተነካም። ግን አሠራሩ ላይ ስህተት ካለ ከአይጧ የባሰ አደጋ ነውና እዚህ ላይ ታገሺኝ።

ዋናው ነገር ቱቦው ከመሬት መስመር (ኧርዝ ከሚባለው) ጋር መያያዙ ነው። ውስጡ ያለው ሽቦ አንድ ቀን ቢላጥ፣ ያልተያያዘ ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኤሌክትሪክ ተሸክሞ የሚነካውን ይጠብቃል። በትክክል ከተያያዘ ግን ወዲያው ይቋረጣል። ሠራተኛሽ «አያስፈልግም» ካለሽ ሌላ ሠራተኛ ፈልጊ። በግቢሽ መሬት የተቀበረ የኧርዝ ዘንግ ከሌለ መጀመሪያ እሱ ይሠራ።

ሌላው፣ ቱቦው በመጋዝ ሲቆረጥ አፉ እንደ ምላጭ ይሳላል። በሞረድ ካልተላገ ሽቦውን ሲጎትቱት ራሱ ይልጠዋል። ሠራተኛው ቸኩሎ ሊያልፈው ሲል እኔ ነኝ ያስቆምኩት። ፌዙና ኒውትራሉ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውና የሚመልሰው ሽቦ፣ የግድ በአንድ ቱቦ አብረው ይሂዱ፤ ከተለያዩ የብረት ቱቦው ይግላል። ቱቦውንም አጭቃችሁ አትሙሉት፣ ከግማሽ በላይ ባዶ ይሁን። በመሀል ምንም መቀጠያ አይኑር። መገናኛ ካስፈለገ በብረት ስካቶላ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን)፣ ክዳኑ በብሎን የታሰረ ይሁን።

ቱቦው በሁለቱም ጫፍ ግድግዳ ውስጥ ይግባ። እኛ ማድ ቤት በኩል አንድ ስንዝር ሽቦ ሳይሸፈን ቀርቶ ነበር። አይጧ ሌላውን ሁሉ ትታ እዚያች ስንዝር ላይ መጣች። በቱቦውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት በሲሚንቶ ድፈኚ። እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ትንሿን አይጥ ያሳልፋል። ፎም ብቻ ከሞላሽበት በአንድ ሌሊት ትበሳዋለች። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ከሲሚንቶው ሥር መጠቅጠቅ ጥሩ ነው። ቱቦው ውስጥ ግን እንዳትከቺው፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ቀብሬ ላሳልፈው ካልሽም ይቻላል። ጉድጓዱ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይጠልቅ። ጓሮሽ ላይ የአፈር ቁልል የምታወጣ ፍልፈል ካለች ግን በፕላስቲክ ቱቦ አትቅበሪው። ፍልፈል በጥርሷ ነው የምትቆፍረው። ጎረቤታችን የአትክልት ውሃ ፕላስቲኩን በሷ ነው ያጣው። በብረት ሽቦ ዙሪያውን የተሸፈነውን አርመርድ ኬብል ጠይቂ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን አንዴ ነው።

የተበላውን ሽቦ ደግሞ ቱቦ ውስጥ ከተሽ አትደብቂው። አውጥተሽ ጣይው። በማድ ቤትሽ በኤሌክትሪክ ምጣድ ከጋገርሽ ይህ የግድ ነው። ምጣዱ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል። በ220 ቮልት ይህ 16 አምፔር ገደማ ነው። አይጥ የነካካው መዳብ ቀጭኖ ያንን ሁሉ ሲሸከም ይግላል፣ በላዩ የተጠቀለለው ናስትሮም ይቀልጣል። የኛ የድሮው ሽቦ ሲወጣ ሁለት ቦታ ላይ ጠቁሮ አገኘነው። ከዚያ በፊት ማንም ሽታ አልሸተተውም።

የመኸር እህል በሚሰበሰብበት በኅዳርና ታኅሣሥ፣ ደግሞም ክረምቱ ሲገባ አይጥ ከውጭ ወደ ቤት ትገባለች። በነዚህ ጊዜያት መስመሩን በየሳምንቱ ዙሪና እዪው። ቱቦውን የሚነካ የዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ቁረጪ፣ የዶሮውን መኖ በክዳን በርሜል አድርጊ።

አሁን ሁለት ነገር ንገሪኝ። ከቤት እስከ ማድ ቤት ስንት ሜትር ነው? ምጣዱስ በዚያው ሽቦ ነው የሚሠራው? እሱን ካወቅሁ ስንት ቱቦና ስንት ቁጥር ሽቦ እንደገዛን አወዳድሬ እጽፍልሻለሁ። እስከዚያ ብሬከሩን አታንሺው፣ ለጥቂት ቀን በዋናው ቤት ጋግሪ።