ሐይቅ ላይ ስለሚያርፉ አውሮፕላኖች
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው በደሴ አቅራቢያ፣ ሐይቅ በምትባለው ከተማ ሲሆን የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በሰሜን ካናዳ፣ ዬሎውናይፍ በምትባል ከተማ የሚኖረው የእህቴ ልጅ አንድ አውሮፕላን ከሐይቅ ተነሥቶ ሌላ ሐይቅ ላይ ሲያርፍ የሚያሳይ ቪዲዮ ላከልኝ። ለተማሪዎቼ ባሳየኋቸው ጊዜ «እኛ ሐይቅ ላይስ ለምን አያርፍም?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱን ከእናንተ እጠብቃለሁ።

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ወደ እኛ ሐይቅ ከመምጣታችን በፊት ይህ አውሮፕላን በዚያ አገር ስለምን እንደ ሚኒባስ ሊዘወተር እንደቻለ መመልከት ይበጃል። የሰሜን ካናዳ ምድር በበረዶ ዘመን በግዙፍ የበረዶ ግግር ተፍቆ የተቦረቦረ ጥንታዊ አለት በመሆኑ፣ ጎድጓዳው ሁሉ ውኃ ቋጥሮ ቀርቷል፤ በአገሪቱ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያላቸው ሐይቆች ብቻ ከ31 ሺህ ይበልጣሉ። በሐይቆቹ መካከል ያለው መሬት ደግሞ አለት፣ ረግረግና ደን ስለሆነ፣ ለአንዲት ትንሽ መንደር ወይም ለጥቂት የዓሣ አጥማጆች ጎጆ ሲባል መንገድ መቁረጥ ከወጪው አንጻር የሚታሰብ አይደለም። የአውሮፕላን ሜዳ ለመሥራትም መሬት መደልደል ያስፈልጋል፤ ሐይቁ ግን ያለማንም ድካም ተደልድሎ የተኛ ሜዳ ነው።

ፈረንሳዊው አንሪ ፋብር ከውኃ ላይ በራሱ ሞተር ኃይል የተነሣውን የመጀመሪያ አውሮፕላን ያበረረው እ.ኤ.አ. በ1910 በማርሴይ አቅራቢያ ነው። ሰሜኑን ያገለገለው ስመ ጥር አውሮፕላን ግን እ.ኤ.አ. በ1947 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረውና ቢቨር የተባለው የካናዳው አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ የደ ሃቪላንድ ሥራ ነው። የኋላ በሮቹ የነዳጅ በርሜል እያንከባለሉ ለማስገባት እንዲበቁ ሆነው መሠራታቸው፣ የታሰበው ለሽርሽር ሳይሆን ለጭነት እንደነበር ያሳያል። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1967 የቆመ ቢሆንም፣ ዛሬም ድረስ ብዙዎቹ ይበራሉ።

አሠራሩን ለተማሪዎችዎ በሚያውቁት ነገር ማስረዳት ይቻላል። በጎማ ፋንታ ከአውሮፕላኑ ሥር ፍሎት የሚባሉ ሁለት ረጃጅም፣ ታንኳ መሰል እግሮች ይገጠማሉ። እያንዳንዱ ፍሎት ውኃ በማያሳልፉ ግድግዳዎች ቢያንስ በ4 ክፍል የተከፋፈለ ነው፤ ሁለቱ በአንድነትም ከአውሮፕላኑ ሙሉ ክብደት 80 በመቶ የሚበልጥ ትርፍ የመንሳፈፍ አቅም እንዲኖራቸው ይጠበቃል። ያም ሆኖ ትንሽ ውኃ መስረጉ ስለማይቀር፣ አብራሪው ከበረራ በፊት ክፍሎቹን አንድ በአንድ በእጅ ፓምፕ ሲመጥጥ ይታያል። ለመነሣት ሲንደረደር መጀመሪያ እንደ ታንኳ ውኃውን እየገፋ ይሄዳል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን፣ ልጆች በውኃ ላይ እንደሚያንሸራትቱት ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ የውኃውን ገጽ ብቻ እየነካ መንሸራተት ይጀምራል። ፍሎቱ ከሥሩ ወገብ ላይ እንደ ደረጃ መቆረጡም ውኃው ይዞ እንዳያስቀረው ለማላቀቅ ነው። ሐይቁ እንደ መስተዋት ጸጥ ባለ ጊዜ ለተመልካች ያማረ ይሁን እንጂ ለአብራሪው ክፉ ቀን ነው፤ ሲነሣ ውኃው አጥብቆ ይይዘዋል፣ ሲያርፍ ደግሞ የውኃው ገጽ ምን ያህል እንደቀረበው በዓይኑ መለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ ቀለል ያለ ነፋስና ትንሽ ሞገድ ይመርጣል።

አሁን ወደ ራሳችን ሐይቅ እንመለስ። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ በመሆኑ ለመንደርደሪያ አያንስም። ፈተናው ከፍታው ነው። ዬሎውናይፍ ያለችበት ግሬት ስሌቭ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 156 ሜትር ላይ ሲሆን፣ የእኛው ከ1,900 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በ17 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሚሆን፣ አየር የሚያጭቅለት መሣሪያ የሌለው የፒስተን ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሣት ከወትሮው የበለጠ ፍጥነት ይሻል፤ ያ ሁሉ ደግሞ ፍሎቱ ከውኃው ጋር እየታገለ የሚገኝ ፍጥነት ነው። በአጭሩ፣ ጭነቱን ቀንሶና ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይዞ መነሣት የሚቻል ነገር ነው። ፍሬን ስለሌለው ግን የዓሣ አስጋሪዎች ታንኳና መረብ ባለበት ውኃ ላይ መንቀሳቀሱ ያሳስባል፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መነኮሳትም ጸጥታቸው በሞተር ድምፅ መረበሹን በደስታ የሚቀበሉት አይመስለኝም። ከሁሉም በላይ ግን እዚያ ይህን አውሮፕላን የወለደው የመንገድ እጦት ነው፤ በእናንተ ከተማ ግን ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት ያልፋል። ተማሪዎችዎ ደሴ ለመድረስ የሚያስፈልጋቸው ለ30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሚበቃ የመኪና ሂሳብ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ ነዋሪና የስድሳ ዓመት እናት ነኝ። አላስካ ውስጥ አንኮሬጅ የሚኖረው ልጄ በመጪው ክረምት ወስዶ ድቦች ዓሣ ሲያጠምዱ ሊያሳየኝ አስቧል። የሚሄደው በዚሁ በውኃ ላይ በሚያርፈው አውሮፕላን ነው ስላለኝ ፈራሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ ያሰበው ቦታ በካትማይ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው ብሩክስ ካምፕ ሳይሆን አይቀርም። ወደዚያ የሚያደርስ የመኪና መንገድ ስለሌለ እንግዳው ሁሉ የሚገባው በአውሮፕላን ወይም በጀልባ ነው። ከአውሮፕላኑ የወረደ ሰው በቅድሚያ ከድቦች ጋር እንዴት እንደሚኖር የሚያስረዳ አጭር ትምህርት የመከታተል ግዴታ አለበት፤ ምግብም ከተፈቀደው ቦታ ውጭ ይዞ መዘዋወር ክልክል ነው። ስለዚህ ቆሎም ሆነ ዳቦ ቆሎ በቦርሳዎ ይዘው ድቦቹ ዓሣ ወደሚያጠምዱበት ፏፏቴ እንዳይሄዱ አደራ እላለሁ። ድቦቹ በብዛት የሚታዩት ሳልመን ዓሣ ሽቅብ በሚዘልበት በሐምሌ ነው።

በረራውን በተመለከተ፣ አውሮፕላኑ ትንሽ ስለሆነ እርስዎም ዕቃዎም ትመዘናላችሁ፤ ይህንን እንደ ነውር አይቁጠሩት። ጠንካራ ሻንጣ በጠባቡ ቦታ ስለማይጠቀጠቅ ለስላሳ የጨርቅ ቦርሳ ይያዙ። ሞተሩ እጅግ ስለሚጮህ የጆሮ መሸፈኛ ይሰጥዎታል። ከሁሉ የሚበልጠው ምክር ግን ትዕግሥት ነው፤ ጭጋግ ከወረደ ወይም ነፋሱ ከበረታ አብራሪው አይነሣም፣ በዚህም ምክንያት ከሰዓታት እስከ ቀናት መጠበቅ የተለመደ ነው። ወደ አገር ቤት የሚመለሱበትን ትልቁን በረራ ከዚህ ጉብኝት ማግሥት እንዳያደርገው ለልጅዎ አጥብቀው ይንገሩት። «ዛሬ አልበርም» ያለ አብራሪ ቢያጋጥምዎት ይመርቁት፤ ሊያስፈራዎት የሚገባው በጭጋግ ካልበረርሁ የሚለው ነው። ካፖርትዎንና የወባ ትንኝ ባይሆንም ክፉኛ የምትናከሰውን የሰሜን ትንኝ የሚከላከል መረብም አይርሱ።

ጥያቄ፦ ወልድያ የምኖር ተማሪ ነኝ። ሐይቁ በረዶ ሲሆን አውሮፕላኑ የት ያርፋል?

መልስ፦ እዚያው ላይ ያርፋል፤ ፍሎቱ ተፈትቶ በምትኩ የበረዶ መንሸራተቻ ይገጠምለታል። አስቸጋሪው ጊዜ በመጸውና በጸደይ ያለው ነው፤ ውኃው ለፍሎት እንዳይሆን በረዶ የጀመረበት፣ በረዶውም ክብደት ለመሸከም ያልጠነከረበት ጥቂት ሳምንታት አለ። በዚያን ጊዜ በሩቅ ሐይቆች ዳር ያሉ ሰዎች አስቀድመው ባከማቹት ስንቅ ይቆያሉ።

ጥያቄ፦ በላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። አንድ ካናዳዊ እንግዳ፣ በአውሮፕላን ካልሆነ የማይደረስበት የአገሩ ፓርክ ከላሊበላ ጋር በአንድ ጊዜ በዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበ ነገረኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። እንግዳዎ የነገሩዎት ስለ ናሃኒ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ላሊበላ፣ የሰሜን ተራሮችና ናሃኒ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። ጎብኚዎች በአብዛኛው ከፎርት ሲምፕሰን ከተማ ተነሥተው፣ ቁመቱ ከ90 ሜትር በሚበልጠው የቨርጂኒያ ፏፏቴ በላይ ወንዙ ላይ ያርፋሉ፤ የፏፏቴው ቁመት የጢስ ዓባይን እጥፍ ያህል ነው። ታንኳና ስንቃቸውን ካራገፉ በኋላ አውሮፕላኑ ትቷቸው ይመለሳል፤ እነርሱም ዕቃቸውን ተሸክመው ፏፏቴውን በእግር ከዞሩ በኋላ በገደላገደሉ መካከል ለቀናት ወንዙን ተከትለው ቁልቁል ይቀዝፋሉ።